የኮምፖስት ሪፖርት ከሜትር ኩብ ወደ ቡቃያ ይውረድ

የመኸር ዝግጅት ሲጀመር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ከሚላኩት ቁጥሮች አንዱ የኮምፖስት ነው። ይህን ያህል አርሶ አደር ተሳተፈ፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ተዘጋጀ ይባላል። ቁጥሩ ከዕቅዱ ከበለጠ አፈጻጸሙ "አበረታች" ይባላል፤ ካነሰ "ክፍተት ታይቷል" ተብሎ ይጻፋል። በቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ግን አንድ ጥያቄ አለ። የተዘጋጀው ኮምፖስት ዘር ሲያርፍበት ያበቅላል ወይስ ያስቀራል?

ጥያቄው ለበቆሎ ያን ያህል አያስጨንቅም። የበቆሎ ፍሬ አፈር የሚገባው በቂ ስንቅ ይዞ ነው። ለዳጉሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሺህ የዳጉሳ ፍሬ ተቆጥሮ ቢመዘን ሦስት ግራም እንኳ ለመሙላት ይቸገራል፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ፍሬ አለ። አንድን የበቆሎ ፍሬ በሚዛን ለመመከት መቶ ያህል የዳጉሳ ፍሬ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር የሚያርፍበት አፈር ምንነት የመከሩን ዕጣ የሚወስነው ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ነው።

ዳጉሳ በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በጎንደር አካባቢዎች የጎተራ ዋስትና ነው። እንጀራው፣ ገንፎው፣ ጠላውና አረቄው ከእርሱ ይወጣል። ነቀዝ አይደፍረውም፤ በጎተራ ለዓመታት ይቆያል። በካልሲየም ይዘቱ ከሌሎች የብርዕ ሰብሎች እጅግ ይበልጣል፤ በ100 ግራም ውስጥ 340 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ 2023ን ዳጉሳን ጨምሮ የደቃቅ ፍሬ ሰብሎች ዓመት ብሎ መሰየሙም ይታወሳል። ዓመቱ ተከብሮ አለፈ። በማሳ ላይ ግን ዳጉሳ ዛሬም የሚዘራው አብዛኛውን ጊዜ በብተና ነው፤ ማዳበሪያው ለበቆሎና ለስንዴ ከተዳረሰ በኋላ የተረፈው ከደረሰው ይደርሰዋል፤ ካልደረሰው ደግሞ "ዳጉሳ እኮ ይችላል" ይባላል።

ይችላል ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም።

ብቅለትና እድገት በንግግር ውስጥ አብረው ይጠራሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ዘር ለመብቀል ከአፈር ምግብ አይለምንም። የሚፈልገው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ነው፤ የመጀመሪያ ቀናት ምግቡ በፍሬው ውስጥ አለ። "ኮምፖስት ሲጨመር ዘር ቶሎ ይበቅላል" የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ኮምፖስቱ ዘሩን ስለመገበው ሳይሆን አፈሩን ስላላላው፣ ውሃ ስለያዘለትና የላዩን ቅርፊት ስላሳሳው ነው። በቀይ አፈር ላይ ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ በማግስቱ ፀሐይ ስትበረታ የሚጋገረውን ቅርፊት የማያውቅ አርሶ አደር የለም። በቆሎ ያን ቅርፊት ይሰብረዋል። የዳጉሳ ቡቃያ ግን ከሥሩ ተጠማዝዞ ይቀራል። ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ የተቀበረም እንዲሁ ብርሃን ሳያይ ስንቁን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ "ዘሩ የማይበቅል ነበር" ይባላል። ዘሩ ግን በቅሎ ነበር፤ ያጣው መውጫ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ከወጡ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ይለወጣል። በፍሬው ውስጥ የነበረው ስንቅ አልቋል፤ ቡቃያው አሁን ከሥሩ ባገኘው ብቻ ያድራል። በዚህ ጊዜ ነው ኮምፖስት እንደ ምግብ የሚቆጠረው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ናይትሮጅኑን ቀስ እያለ ይለቃል፣ ፎስፈረሱ ለሥሩ ቅርብ ይሆናል፣ የላላው አፈር ሥሩ ወደ ጎንና ወደ ታች እንዲሄድ መንገድ ይከፍትለታል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ችግኞችን፣ አንዱን ከተራ አፈር ሌላውን ኮምፖስት ከተቀላቀለበት አፈር፣ ነቅሎ ሥራቸውን በውሃ አጥቦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከብዙ ሰዓት ስብሰባ የበለጠ ያስረዳል። ልዩነቱ ከቅጠሉ ይልቅ በሥሩ ላይ ጎልቶ ይታያል።

እስከዚህ ድረስ ኮምፖስት የሚመሰገንበት ነው። በሪፖርቶች ውስጥ የማይገኘው ቀጥሎ ያለው ነው።

ያልበሰለ ኮምፖስት ዘር ይገድላል። የበቆሎ አገዳና የጤፍ ጭድ በዝቶበት ፍግና አረንጓዴ ቅጠል ያነሰበት ክምር ገና በመበስበስ ላይ ሳለ አፈር ውስጥ ከገባ፣ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት ለራሳቸው ሥራ የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ቡቃያው ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። አርሶ አደሩ "ኮምፖስት ጨምሬ ሰብሌ ቢጫ ሆነ" ሲል ከስንፍና ወይም ከአመለካከት ችግር አይደለም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። በሌላ በኩል ፍግ የበዛበት ትኩስ ክምር አሞኒያ ይለቃል፤ አየር አጥቶ የታፈነ ጉድጓድ ደግሞ የሚኮመጥጡ አሲዶችን ያመነጫል። ሁለቱም ለስላሳውን የሥር ጫፍ ያቃጥላሉ። ከባዮ ጋዝ ማብላያ በቀጥታ የሚወጣው ፈሳሽም ሳያርፍ ዘር ላይ ከፈሰሰ ጉዳቱ ያው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከሜትር ኩቡ ቁጥር ጋር ለመድረስ ሳይገላበጥ የወጣ ክምር ያለ ኮምፖስት ከተዘራው ማሳ የባሰ ሊያደርግ ይችላል።

አረምም አለ። በደንብ የተሠራ ክምር መሐሉ እስከ 55 እና 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል፤ ይህ ሙቀት ብዙውን የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይገድላል። ያልጋለ ወይም ጠርዙ ወደ መሐል ያልተገላበጠ ክምር ግን አረሙን ተንከባክቦ ወደ ማሳ ይመልሳል። ለዳጉሳ ይህ ድርብ ችግር ነው። ዳጉሳን የሚመስሉ የዱር ዘመዶቹ በቡቃያነታቸው ከእርሱ ጋር እጅግ ስለሚቀራረቡ የለመደ ዐይን እንኳ ይሳሳታል፤ በብተና በተዘራ ማሳ ላይ የትኛው ሰብል የትኛው አረም እንደሆነ የሚለየው እሸቱ ሲወጣ ነው። ያኔ ደግሞ ማረም ረፍዷል።

ብዛትም እንዲሁ ይጎዳል። የትል ማዳበሪያ ወይም ቨርሚ ኮምፖስት ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይራባል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን "ጥሩ ከሆነ በብዛት ይጨመር" የሚል አስተሳሰብ አብሮት ገብቷል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለያዩ የአትክልትና የአበባ ችግኞች ላይ ለዓመታት ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ችግኞች የተሻለ እድገት ያሳዩት የትል ማዳበሪያው ከጠቅላላው የችግኝ አፈር ከ10 እስከ 40 በመቶ ሲሆን ነው፤ ድርሻው ከዚያ ሲያልፍ እድገቱ የማይጨምርበት፣ አልፎም የሚቀንስበት ሁኔታ ታይቷል። አንዱ ምክንያት ጨው ነው። ኮምፖስት በውስጡ የሚሟሙ ጨዎች አሉት፤ ሲበዙ ዘሩ ውሃ እንዳይስብ ያግዱታል። በንጹሕ ኮምፖስት ላይ የተዘራ ዳጉሳ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ሊጠማ ይችላል ማለት ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ችግኙ ረዝሞ ይለሰልሳል፣ ብላስት ለተባለው የዳጉሳ ቀንደኛ በሽታም ይጋለጣል።

ስለዚህ "ምን ያህል ኮምፖስት?" ከሚለው በፊት "ምን ዓይነት፣ በምን መጠን፣ የት?" የሚሉት መቅደም ነበረባቸው። "የት" የሚለው በተለይ ለክልሉ አርሶ አደር ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የኮምፖስት ጥሬ ዕቃ የለም። እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ይገባል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ጭዱ የከብት መኖ ነው፣ የቤት ምርጊትም ነው። የበቆሎ አገዳው ማገዶና አጥር ነው። ማገዶ በሌለበት ቤት እናት እበቱን ለኮምፖስት ጉድጓድ እንድትሰጥ መጠየቅ ምድጃዋን አጥፊ እንደ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሄክታር ሰማንያና መቶ ኩንታል ኮምፖስት አዘጋጅ የሚል ምክር ሁለት በሬና አንዲት ላም ላለው አርሶ አደር ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው የሚመስለው። ያለውን ጥቂት ኮምፖስት በሙሉ ማሳው ላይ ከበተነው ደግሞ እንደ ጨው ብናኝ ይጠፋል።

ያለችውን ትንሽ ኮምፖስት ዘሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ማዋል ግን ይቻላል። በአገራችን ለዚህ ማሳያ የሚሆን ተሞክሮ አለ። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከአርሶ አደሮች ጋር የኮምፖስት ሥራ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2003 አክሱም አካባቢ የዳጉሳ ችግኝ ኮምፖስት በተቀላቀለበት መደብ ላይ ፈልቶ በ30 ቀኑ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተተክሎ ታየ። በሄክታር ሲሰላ 76 ኩንታል ያህል ምርት ተመዝግቧል፤ በተለመደው ብተና 14፣ ኮምፖስት በብዛት ተጨምሮ ሲበተን ደግሞ 28 ኩንታል ገደማ ነበር። ይህ ከትንሽ መሬት ላይ የተወሰደ ልኬት መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ማንም ወረዳ 76 ኩንታል ብሎ ዕቅድ ቢይዝ ራሱን ነው የሚያታልለው። ትምህርቱ ያለው በ28 እና በ76 መካከል ነው። ሁለቱም ኮምፖስት አግኝተዋል። አንዱ ግን በመደብ ላይ ተንከባካቢ አግኝቶ፣ ጠንካራው ተመርጦ፣ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ተተከለ። በህንድ ካርናታካ ግዛትም አርሶ አደሮች የዳጉሳ ችግኝ አፍልተው ኮምፖስት በተጨመረበት ጉድጓድ የሚተክሉበት የቆየ ልማድ አላቸው።

ሒሳቡን በአንድ አርሶ አደር አቅም እንየው። 500 ካሬ ሜትር መሬት፣ ማለትም የአንድ ጥማድ አንድ አምስተኛ ያህል፣ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለመትከል 8 ሺህ ችግኝ ይበቃል። ይህን ለማፍላት አንድ ሜትር ስፋትና አሥር ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ በቂ ነው። የመደቡን የላይኛውን አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር አራት እጅ ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ለመቀላቀል የሚያስፈልገው 100 ሊትር ኮምፖስት ነው። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ዘሩ የሚጥለውን ታሳቢ አድርጎ ቢታጠፍ እንኳ ሃምሳ ግራም አይሞላም። አምስት ጀሪካን የበሰለ ኮምፖስት የሌለው ቤት ምናልባት ይኖራል፤ ብዙ ግን አይሆንም። የጓሮ ጎመን ከሚበቅልበት ጥግ ይገኛል።

"ዳጉሳ እንደ በርበሬ ይፈላል እንዴ?" የሚል ሳቅ ሊነሣ ይችላል። ለምን አይፈላም? በርበሬና ሽንኩርት የሚያፈላ እጅ ዳጉሳን ለማፍላት አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ከባዱ መትከሉ ነው። ወቅቱ ሐምሌ ነው፤ ጤፍ ይታረሳል፣ በቆሎ ይታረማል፣ ሰው የለም። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነውና በዘመቻ ቋንቋ ሊታለፍ አይገባም። ጤፍን በመስመር መዝራት በየቦታው በተገፋበት ጊዜ የሆነው ይታወቃል፤ በሙከራ ጣቢያ የታየው ምርት በአርሶ አደሩ ማሳ በዚያው መጠን አልመጣም፣ ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ ተከፈለ። ሪፖርቱ "በመስመር" እያለ ብዙው ወደ ብተናው ተመለሰ። ዳጉሳን ማፍላትም "ለሁሉም፣ በሁሉም ቦታ" ተብሎ ከወረደ ዕጣው ያው ይሆናል። 500 ካሬ ሜትር የተባለው ለዚህ ነው፤ ለዘር የሚሆን ምርጥ እሸት የሚያዝበት፣ ወይም ዝናብ ሲዘገይና ማሳው ሲሳሳ ክፍተቱ የሚሞላበት ቁራጭ መሬት እንጂ ጠቅላላው ማሳ አይደለም። ችግኝ ማፍላት የማይመቸው አርሶ አደርም ቢሆን ያችን ጥቂት ኮምፖስት በመስመር በሚዘራበት ፈር ውስጥ ሊያወርዳት ይችላል።

ስለ አሲዳማ አፈርም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በዳጉሳ አገር ብዙው መሬት እንዲያ ነውና። ዳጉሳ አሲዳማነትን ከስንዴና ከገብስ በተሻለ ይቋቋማል። ኮምፖስትም በአሲዳማ አፈር ውስጥ ሥርን የሚያደነድነውን አሉሚኒየም በከፊል ይይዛል። በመደብ ላይ ያደገ ችግኝ የመጀመሪያውን ወር ከዚህ መርዝ ተጠብቆ ያልፋል። ከተተከለ በኋላ ግን ሥሩ ያንኑ አፈር ያገኛል። ኖራ የሚያስፈልገው ማሳ ኖራ ያስፈልገዋል፤ ኮምፖስት ተዘጋጅቷልና የኖራው ጥያቄ ይቆይ የሚል ጽሕፈት ቤት ካለ ተሳስቷል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚጎድለው ሙከራ ነው፤ ያውም ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። በብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የኮምፖስት አዘገጃጀት ሥዕል ተለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር አምስት የተቆረጡ የሃይላንድ ጠርሙሶች ወይም ጣሳዎች ቢደረደሩስ? ሥራቸው ተበስቶ ውሃ እንዲያሳልፉ ይደረጋል። በአንዱ ተራ የማሳ አፈር፣ በሁለተኛው አራት እጅ አፈርና አንድ እጅ ኮምፖስት፣ በሦስተኛው እኩል በእኩል፣ በአራተኛው ንጹሕ ኮምፖስት፣ በአምስተኛው አፈርና ትኩስ ፍግ ይሞላል። በእያንዳንዱ ላይ ሃምሳ ሃምሳ የዳጉሳ ፍሬ ተቆጥሮ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሸፈናል። እኩል ውሃ ይጠጣሉ። በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን የበቀለው ይቆጠራል፤ በሃያ አንደኛው ቀን ችግኞቹ ተነቅለው ሥራቸው ይታጠባል።

ከዚያ ወዲያ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ክርክር የለም። በተራው አፈር ሳይቀር በጥቂቱ ብቻ ከበቀለ ችግሩ ከዘሩ ነው፤ ዘሩ ማሳ ሳይገባ ይቀየራል። በተራው አፈር በቅሎ ኮምፖስት ባለበት ከቀነሰ ኮምፖስቱ አልበሰለም ወይም በዝቷል፤ ይገላበጣል፣ ይቆያል፣ ይቀነሳል። በሁለቱም እኩል በቅሎ በሃያ አንደኛው ቀን ኮምፖስት ያገኘው ወፍሮ ከታየ አርሶ አደሩ ማንም ሳይቀሰቅሰው ራሱ ይጠቀምበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋም "ኮምፖስት ጥሩ ነው" ብላ ከመድገም ድና "የእርስዎ ኮምፖስት፣ በእርስዎ አፈር ላይ፣ ይህን አደረገ፤ ይመልከቱት" ማለት ትችላለች። የኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ዘንግ ከትቶ ሙቀቱን በእጅ መዳሰስ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቀዝቅዞ፣ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ከሆነ በስሏል ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን ውሃ አጥቶ ሥራውን ያቆመ ክምርም ይቀዘቅዛል። ዘሩ አይታለልም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ አደረጃጀትም አያስፈልጋቸውም። በሪፖርት ቅጹ ላይ ከ"ሜትር ኩብ" አጠገብ አንድ ረድፍ መጨመር ነው፤ ከሃምሳ ፍሬ ስንት በቀለ? ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቀበሌ እንዳይወቀስ ከበላይ በኩል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከተወቀሰ በሚቀጥለው ዓመት በሁሉም ቀበሌ ሃምሳውም መብቀሉ አይቀርም፤ በወረቀት ላይ።

ለዘንድሮው የሚቆጠረው ቀን ከወዲሁ ይታወቃል። ችግኙ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት እንዲተከል ዘሩ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት መደብ ላይ ማረፍ አለበት። ለዚያ መደብ የሚሆነው ኮምፖስት የሚፈተነው ደግሞ ቢዘገይ በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ገና ስለማይጠና ጣሳዎቹን ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ከአሁኑ በስም ይመደብ።